ኢሜይሉ «ተልኳል» ይላል፤ ሪፖርቱ ግን አልደረሰም

ከሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች፣ ሆስፒታሎችና ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች የመጡልንን ጥያቄዎች በዚህ እትም ሰብስበን መልሰናል። ሁሉም የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ኢሜይል ሲዘገይ፣ ሲጠፋ ወይም ጭራሽ ሲቋረጥ ሥራው እንዴት ይቀጥላል? የአንድ ሳምንት የወባ ቁጥር በሰዓቱ ካልደረሰ የመድኃኒቱም የርጭቱም ድልድል በጎደለ ቁጥር ስለሚሠራ ጥያቄዎቹን በዝርዝር ይዘናቸዋል።

ጥያቄ፦ ሳምንታዊውን የቅኝት ሪፖርት ሰኞ ጠዋት ለበላይ አካል በኢሜይል ላክሁ። «ተልኳል» በሚለው ሳጥን ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ረቡዕ ላይ «ሪፖርታችሁ አልደረሰም» ተባልን። ጥፋቱ የማን ነው?
*የጤና መረጃ ባለሙያ፣ ከመርሐቤቴ*

መልስ፦ «ተልኳል» የሚለው ሳጥን የሚነግርዎ የእርስዎ አገልግሎት ሰጪ ሰርቨር (ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር) ደብዳቤውን መረከቡን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የእርስዎ ሰርቨር የተቀባዩን ሰርቨር ይፈልጋል፤ ተቀባዩ ካልመለሰ ደብዳቤውን ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል። ዓለም አቀፉ የኢሜይል ደንብ ላኪው ሰርቨር ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ቀን እንዲሞክር ያዛል። ስለዚህ የሰኞ ሪፖርት ሐሙስ ቢደርስ በኢሜይል ደንብ የተበላሸ ነገር የለም፤ ለቅኝት ሥራ ግን ሳምንቱ አልፏል።

ተመልሶ የመጣ የስህተት መልእክት ካለ አይሰርዙት። በእንግሊዝኛ የተደረደረው ጽሑፍ አያስጨንቅዎ፤ ከመሐሉ ቁጥሩን ብቻ ይፈልጉ። በ4 የሚጀምር ባለ ሦስት አሃዝ (ለምሳሌ 421 ወይም 451) ከሆነ ችግሩ ጊዜያዊ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ ይሞክራል፣ እርስዎ ደግሞ በስልክ ያሳውቁ። በ5 የሚጀምር ከሆነ አበቃ፤ ያው ደብዳቤ አሥር ጊዜ ቢላክ አይደርስም። አጠገቡ በነጥብ የተለያዩ ሦስት ቁጥሮች ይኖራሉ። 5.1.1 ማለት እንዲህ ያለ አድራሻ የለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ፊደል ተሳስቷል። 5.2.2 የተቀባዩ ሳጥን ሞልቷል። 5.3.4 ደብዳቤው ከሚፈቀደው መጠን በልጧል። 5.7.1 ደግሞ ተቀባዩ ሰርቨር በራሱ የጥበቃ ደንብ ከልክሎታል ማለት ስለሆነ ቁጥሩን እንዳለ ለአይሲቲ ባለሙያ ይስጡ።

ምንም ስህተት ሳይመለስ የጠፋ ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ የተቀባዩ «ስፓም» (የቆሻሻ ደብዳቤ ማኅደር) ውስጥ ተኝቷል፣ ወይም በስህተት ለሌላ ሰው ሄዷል። አባሪውንም ያስተውሉ። ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ስለሚቀየር መጠኑ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያድጋል፤ 20 ሜጋባይት የነበረው ወደ 27 ይጠጋል፣ የጂሜይል ጣሪያ ደግሞ 25 ነው። የተፈረመበትን ቅጽ ስካን ሲያደርጉ በቀለም ሳይሆን በጥቁርና ነጭ፣ በ200 ዲፒአይ ያድርጉት፤ ለማንበብ ይበቃል። ማክሮ (ራሱ የሚሠራ ትእዛዝ) ያለበትን ኤክሴል ብዙ ሰርቨሮች አያስገቡም። ከሁሉም በላይ ዋና ዋናዎቹን ቁጥሮች በአባሪው ብቻ ሳይሆን በደብዳቤው ላይም ይጻፏቸው፤ ተቀባዩ መስክ ላይ ሆኖ አባሪውን ማውረድ ባይችል እንኳ ቁጥሩን በስልኩ ያያል።

ስለ ጥፋቱ፦ ክትትሉ የላኪው፣ ማረጋገጫው የተቀባዩ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። ይህን በጽሑፍ ተስማሙበት። ተቀባዩ «ደርሷል» ብቻ ሳይሆን ከሪፖርቱ አንድ ቁጥር ደግሞ ይመልስ፤ «ሳምንት 12 ደርሷል፣ ወባ 34» እንደማለት ነው። ይህ መልስ ሰኞ እስከ 8 ሰዓት ካልመጣ ላኪው ስልክ ይደውል፤ የደወለበትን ሰዓትና ያነጋገረውን ሰው ስም በመዝገብ ይጻፍ። ኢሜይሉ ራሱ የሚልከውን «ተነቧል» የሚል ማሳወቂያ አይመኑት፤ የተቀባዩ ፕሮግራም ሊከለክለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ኩፍኝ የተጠረጠረበት ሕፃን ሲመጣ ለወረዳ ኢሜይል እናደርጋለን። ይበቃል?
*ነርስ፣ ከአንኮበር*

መልስ፦ አይበቃም። ኩፍኝና ድንገተኛ የእጅና እግር መዛል ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉት በሽታዎች መካከል ናቸው፤ የአገሪቱ መመሪያ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው እርከን ይድረስ ይላል። ኢሜይል ይህን ሰዓት ሊያስከብር አይችልም። መጀመሪያ ይደውሉ፣ ኢሜይሉን ከዚያ በኋላ ለጽሑፍ ማስረጃ ይላኩ። ተረኛ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የሦስት ሰው ስልክ ይለጠፍ፦ የቅኝት ኃላፊው፣ ተወካዩ፣ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ። የአንዱ ብቻ ከተለጠፈ እሱ ስብሰባ በገባበት ቀን መረጃው ይቆማል።

ጥያቄ፦ ትናንት ድረስ ኢሜይላችን በደንብ ይሠራ ነበር። ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሩን ስንከፍት «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ አላስገባ አለን። ኔትወርኩ ግን አለ፤ በስልክ ይሠራል።
*ከሞላሌ*

መልስ፦ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን ይመልከቱ። ከኢሜይል ሰርቨር ጋር የሚደረገው ግንኙነት የሚጠበቀው መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ባለው የምስክር ወረቀት ነው። ኮምፒውተርዎ ወደ ኋላ ዓመታት ከተመለሰ ያ ወረቀት «ገና አልጸናም» ተብሎ ይቆጠርና በሩ ይዘጋል።

ይህ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ ስትደክም ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ፋብሪካው ዘመን ይመለሳል። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ነቅሎ ባትሪዋን መቀየር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንድ ሰው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሲሞላው ነው፤ 2018 ተብሎ ከተጻፈ ኮምፒውተሩ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄደ ማለት ነው። የኮምፒውተሩ ቀን ሁልጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የሰዓት ቀጠናውም ከግሪንዊች 3 ሰዓት በሚቀድመው ይሁን፤ የእኛን ቀን ለማየት የቀን መቁጠሪያ ፕሮግራም ለብቻው ይጫኑ።

በነገራችን ላይ፣ ደብዳቤ መቼ እንደደረሰ ለማጣራት የውስጥ ዝርዝሩን ሲከፍቱ 06:30 ብሎ አጠገቡ +0000 ካለ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ይህን ባለማወቅ «ከሰዓት በፊት ልኬአለሁ፣ አልላክህም» የሚል ክርክር ይነሣል።

ጥያቄ፦ የጤና ጣቢያው ጂሜይል የተከፈተው በቀድሞው ባለሙያ ስልክ ነው። እሱ ተዛውሯል፤ አሁን ሲስተሙ ማረጋገጫ ቁጥር ወደ እሱ ስልክ ይልካል።
*ከእነዋሪ*

መልስ፦ ባለሙያው የድሮ ስልኩን ሳይቀይር ዛሬውኑ ይደውሉለትና ቁጥሩን ያንብብላችሁ። ከገባችሁ በኋላ የማስመለሻ ስልኩንና መጠባበቂያ ኢሜይሉን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ቀይሩ። ጉግል በአንድ ጊዜ 10 መጠባበቂያ ቁጥሮች ይሰጣል፤ እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንዴ ብቻ ነው። አትማችሁ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አስቀምጡ፣ ያወጣ ሰው ፖስታው ላይ ይፈርም።

ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ሲሆን ለደብዳቤም፣ ለድራይቭም፣ ለፎቶም አንድ ላይ ነው። በዚያ አድራሻ የተከፈተ የሠራተኛ ስልክ የግል ፎቶ እየጫነ ሲሞላው ኢሜይል መቀበል ያቆማል። ዋናው መፍትሔ ግን አድራሻው በመሥሪያ ቤቱ የራሱ ስም ሥር፣ በሥራ መደቡ መጠሪያ መከፈቱ ነው። እስከዚያው የኢሜይል ርክክብን በክሊራንስ ቅጹ ላይ አንድ መስመር አድርጋችሁ ጨምሩት፤ ማይክሮስኮፕ ሳያስረክብ የማይለቅ ባለሙያ የአሥር ዓመት ደብዳቤ ይዞ መሄድ የለበትም።

ጥያቄ፦ ሆስፒታላችን የራሱ የኢሜይል ሰርቨር አለው። 120 ተጠቃሚ ይይዛል። ሁለት ሃርድ ዲስክ ያለው በሬይድ (ሁለቱም ዲስክ አንድ ዓይነት መረጃ በሚይዙበት ዘዴ) የተገናኘ ነው። ሁለተኛ ተቀባይ ሰርቨር ብንጨምር አስተማማኝ ይሆናል? ባክአፑንስ (መጠባበቂያ ቅጂውንስ) እንዴት እናድርግ?
*የአይሲቲ ባለሙያ*

መልስ፦ ከሁለተኛው ሰርቨር እንጀምር። ብዙዎች እንደሚያስቡት አስፈላጊ አይደለም። ሰርቨራችሁ ለሁለት ቀን ቢቆም ላኪዎቹ ራሳቸው ደብዳቤውን ይዘው ይጠብቃሉ፤ ስትመለሱ ይደርሳችኋል። ሁለተኛው ሰርቨር በዚያው ክፍል፣ በዚያው መብራት ላይ ከተቀመጠ አብሮ ይጠፋል። ሌላ ከተማ ቢቀመጥ እንኳ የተጠቃሚዎቻችሁን ዝርዝርና የስፓም ማጣሪያውን እኩል ካልያዘ የመጣውን ሁሉ ይቀበላል፤ በኋላ «ተቀባዩ የለም» እያለ በሐሰት አድራሻ ለተላከው ቆሻሻ ሁሉ መልስ ይበትናል። እንዲህ ያለ ሰርቨር ጥቁር መዝገብ (የታገዱ ላኪዎች ዝርዝር) ውስጥ ለመግባት ጊዜ አይፈጅበትም፤ ከዚያ የእናንተም ትክክለኛ ደብዳቤ መመለስ ይጀምራል። ያን ድካም ሰርቨሩን በ48 ሰዓት ውስጥ መልሶ ለማቆም በሚያስችል ዝግጅት ላይ አውሉት። እንዲያውም አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ብቻ ያለው ሆስፒታል ኢሜይሉን በተዘጋጀ አገልግሎት ላይ አድርጎ ቅጂውን ብቻ በእጁ ቢይዝ ይሻላል የሚል አቋም አለን።

ሬይድ ባክአፕ አይደለም። አንዱ ዲስክ ሲቃጠል ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ በስህተት የተሰረዘ ደብዳቤ ግን ከሁለቱም ዲስክ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል። የሠራተኞችን ኮምፒውተርም አጣሩ። ፖፕ በሚባለው ዘዴ የተገናኘው ደብዳቤውን ከሰርቨር አውርዶ ሊያጠፋ ይችላል፤ ያ ላፕቶፕ ከተሰረቀ ሁሉም አብሮ ሄደ። ኢማፕ በሚባለው የተገናኘው ደግሞ የሰርቨሩ መስተዋት ስለሆነ እዚያ የተሰረዘ እዚህም ይሰረዛል።

አሁን ወደ መጠኑ። ለአንድ ሰው በአማካይ 1.5 ጊጋባይት ብንይዝ የ120 ሰው 180 ጊጋባይት ነው። ባለ 2 ቴራባይት ውጫዊ ዲስክ ሦስት ግዙ። አንዱ ሌሊት ቅጂ ይወስዳል፣ ጠዋት ይነቀላል። ሁለተኛው በሌላ ሕንፃ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ሰርቨር ክፍሉ ቢቃጠል ወይም ጣሪያው ቢያፈስ አይነካም። ሦስተኛው ከከተማው ውጭ ይሁንና በየወሩ ይቀያየር። ሦስቱም በይለፍ ቃል የተመሰጠሩ ይሁኑ፤ የታካሚ መረጃ የያዘ ዲስክ በመኪና ይጓዛልና። በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ ለመላክ ካሰባችሁ ስሌቱን አስቀድሙ፦ በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚጭን መስመር 180 ጊጋባይት ለመላክ 100 ሰዓት፣ ማለትም ከአራት ቀን በላይ ይፈጃል። የመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በዲስክ ይሂድ፤ ከዚያ የየዕለቱ ለውጥ ብቻ በመስመር ይላክ። 4 ጊጋባይት ለውጥ ሌሊት ለመላክ የሚፈጀው ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው።

ቅጂውን ለምን ያህል ጊዜ እናቆይ ለሚለው የአየርላንድ የጤና አገልግሎት ታሪክ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2021 አንድ ሠራተኛ በኢሜይል የመጣ ኤክሴል ፋይል ከፈተ። አጥቂዎቹ በዚያ ገብተው ሜይ 14 ፋይሎቹን እስኪቆልፉ ድረስ ስምንት ሳምንት ውስጥ ቆዩ። አገልግሎቱ ኢሜይሉን ጨምሮ ሲስተሞቹን ሁሉ ለመዝጋት ተገደደ። ስለዚህ የአንድ ሳምንት ቅጂ ብቻ የሚይዝ ሰው የተበከለውን ራሱን ሊያስቀምጥ ይችላል። የሰባት ቀን ዕለታዊ፣ የአምስት ሳምንት ሳምንታዊ፣ የስድስት ወር ወርሐዊ ቅጂ ያዙ። ዲስኩ ቀን ከሰርቨሩ ጋር ተሰክቶ ከዋለ ቆላፊው ቫይረስ እሱንም ይቆልፈዋል፤ የሚነቀለው ለዚህ ነው።

ከደብዳቤዎቹ ሌላ የሰርቨሩን የማስተካከያ ፋይሎች፣ የተጠቃሚ ዝርዝሩን፣ የዶሜይን (ከ@ በኋላ ያለው የአድራሻ ስም) መዝገቦቹን፣ ወጪ ደብዳቤ የሚፈረምበትን ቁልፍና የዶሜይኑን እድሳት ቀን አብራችሁ ያዙ። የዶሜይን እድሳት ካለፈ ሰርቨሩ ደህና ሆኖ ሳለ ኢሜይሉ ይቆማል። ዝርዝሩ በወረቀትም ይታተም፤ ሰርቨር ሲወድቅ ሰርቨሩ ውስጥ ያለ መመሪያ አይነበብም።

በየሦስት ወሩ ደግሞ መልሶ ማንሣትን ሞክሩ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሚቀርበት እዚህ ላይ ነው። የአንድ ፈቃደኛ ሠራተኛን ሳጥን ከዲስኩ ወስዳችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አንሡ። የደብዳቤዎቹን ብዛት ከሰርቨሩ ጋር አነጻጽሩ፣ አምስት አባሪ ክፈቱ፤ ከመካከላቸው አንዱ ስሙ በአማርኛ ከተጻፈ ማኅደር ይሁን። በኢማፕ የአማርኛ ማኅደር ስም የሚቀመጠው በተለየ ኮድ ስለሆነ አንዳንድ ቅጂ ማድረጊያ ፕሮግራም ያበላሸዋል፤ ደብዳቤው አለ፣ የማኅደሩ ስም ግን የማይነበብ ምልክት ይሆናል። የፈጀውን ሰዓት ጻፉ። ሙከራውንም ሆነ ሌላ ጥገና ወርሐዊ ሪፖርት በሚዘጋበት ከ20 በኋላ ባሉት ቀናት አታድርጉ።

ጥያቄ፦ ዩፒኤሳችን አዲስ ሳለ ሩብ ሰዓት ያህል ያቆየን ነበር፤ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው አሁን መብራት በጠፋ በሁለተኛው ደቂቃ ይጠፋል።
*ከሸዋ ሮቢት*

መልስ፦ ሙቀቱ ነው። የዩፒኤስ ባትሪ ዕድሜ የሚሰላው በ25 ዲግሪ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ በየ8 እስከ 10 ዲግሪው በግማሽ ገደማ ያጥራል። ደብረ ብርሃን ላይ ዓመታት የሚያገለግል ባትሪ ሸዋ ሮቢት ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሁለት ዓመት ባይሞላ አይደንቅም። ከመስኮቱ ፀሐይ አርቁት፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ፈቀቅ ይበል፤ የባትሪ መቀየሪያ በጀት በየሁለት ዓመቱ ያዙ።

ጭነቱንም ቀንሱ። የተለመደው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው፤ ሲባዛ 84 ዋት-ሰዓት፣ በብክነቱ ምክንያት ደግሞ ከዚያ ያነሰ። ዴስክቶፕ ከነስክሪኑና ራውተሩ 140 ዋት ገደማ ስለሚወስድ አዲስ ባትሪ እንኳ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው። ላፕቶፕ በራሱ ባትሪ እየሠራ ዩፒኤሱ ላይ ራውተርና ስዊች ብቻ ቢቀሩ ጭነቱ 18 ዋት አካባቢ ነውና ሁለት ሰዓት ገደማ ያቆያል። ጭነቱ በጣም ሲያንስ ራሱን የሚያጠፋ ዩፒኤስ ስላለ ከመግዛታችሁ በፊት ራውተሩን ብቻ ሰክታችሁ ፈትኑት። ሌዘር ፕሪንተር ግን በፍጹም አይሰካበት፤ ማሞቂያው ከአቅሙ በላይ ይስባል።

ጥያቄ፦ ኢሜይል ሲቆም የላብራቶሪ ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ እንለዋወጣለን። ችግር አለው?
*ከመሐል ሜዳ*

መልስ፦ ሐኪሙ ውጤቱን ማግኘት አለበት፤ በዚህ አንከራከርም። በ2017 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ሆስፒታሎች በቫይረስ ሲመቱ አንዳንዶቹ ኢሜይላቸውን ዘግተው በስልክና በዋትስአፕ ነበር የተገናኙት። ችግሩ የታካሚው ስም፣ ቀበሌውና የኤችአይቪ ውጤቱ ከሥራው የለቀቀ ሰው ሳይቀር ባለበት ግሩፕ ሲወጣ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል። በግሩፕ አይላክ፤ ለሚመለከተው ሐኪም ብቻ፣ በካርድ ቁጥር፣ ያለ ስም ይላክ። ካርዱ የማን እንደሆነ በስልክ ይረጋገጥ። የትኛው መተግበሪያ፣ በየትኛው የመሥሪያ ቤት ስልክ እንደሚሆን ችግሩ ሳይመጣ በማኔጅመንት ይወሰን።

ጥያቄ፦ ዳታ አንዳንዴ ለሳምንታት ይቋረጣል። ያን ጊዜ ሪፖርት በምን እንላክ?
*ከግሼ ራቤል*

መልስ፦ ዳታ ጠፍቶ ጥሪና አጭር መልእክት የሚሠራ ከሆነ አጭር መልእክቱ ይበቃችኋል። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ መልእክት 70 ፊደል ብቻ ይይዛል፤ ከዚያ ካለፈ ይከፋፈላል፣ ከክፍሎቹ አንዱ ሲዘገይም ሪፖርቱ ተቆርጦ ይነበባል። በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ግን 160 ይይዛል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አስቀድማችሁ ተስማሙና በሁለቱም ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፦ የሳምንቱ ቁጥር፣ የተቋሙ መለያ፣ ከዚያ ወባ፣ ግርሻ (የሚያገረሽ ትኩሳት)፣ ማጅራት ገትር፣ ታይፎይድ፣ ተቅማጥ ከደም ጋር፣ በመጨረሻም የአምስቱ በሽታዎች ድምር። 12\*0417\*34\*2\*0\*1\*5\*42 ተብሎ ሲደርስ ተቀባዩ 34፣ 2፣ 0፣ 1 እና 5ን ደምሮ 42 ካልመጣለት አንዱ ቁጥር ተሳስቷልና መልሶ ይጠይቃል። ያልታየ በሽታ ዜሮ ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይዘለል፤ ከተዘለለ ከኋላው ያለው ሁሉ ቦታውን ይስታል።

ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚሞላበት ሲስተም) ላይ ያለ ኢንተርኔት የሞላችሁት መረጃ መስመር እስኪመለስ ብራውዘሩ ውስጥ ይቆያል። ያን ጊዜ ማንም «ኮምፒውተሩን ላጽዳ» ብሎ የብራውዘሩን ታሪክና የተቀመጠ መረጃ እንዳይሰርዝ ስክሪኑ ላይ ወረቀት ለጥፉ፤ ከተሰረዘ ያልተላከው መረጃ አብሮ ይሄዳል።

ስልኩም ጭራሽ ከጠፋ ወረቀት ነው። ቅጹ በሦስት ኮፒ ይሞላ፤ አንዱ በጤና ጣቢያው ይቀር፣ ሁለቱ በታሸገ ፖስታ በአምቡላንስ ወይም በሞተር ብስክሌት ወደ ወረዳ ይሂዱና አንዱ ተፈርሞበት ይመለስ። የላኪው፣ የአድራሹና የተቀባዩ ፊርማ ከነሰዓቱ ይኑርበት። መስመሩ ሲመለስ በወረቀት የሄደውን ሁሉ በኢሜይል ደግማችሁ ስትልኩ ርዕሱ ላይ «በወረቀት የተላከ፣ ድጋሚ» ብላችሁ ጻፉ፤ አለበለዚያ ተመሳሳዩ ታማሚ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።